መጋረጃው ተዘግቶ ነበር

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእህቴ አልነገርኳትም። እዚህ አብረውኝ ለሚኖሩት የአገሬ ልጆችም አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ስናዘዝ «ባሌን አሳዝኜዋለሁ» ብዬ ነው ያለፍኩት። «ምን አድርገሽ?» ቢሉኝ ምን እል ነበር? ጉንዳን ገደልኩ ልበል? ሰው በየቀኑ ረግጦት የሚያልፈውን ፍጥረት? እሳቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አልጨመርኩም። የታዘዝኩትን ስግደት ሰገድኩ፤ ግን ስግደቱ ላልተናገርኩት ኃጢአት ስላልነበረ አንዲት ቅንጣት አልቀለለኝም።

እናንተ የምታነቡኝ አታውቁኝም። ስለዚህ ለእናንተ ልናገረው።

ሙሉ እባላለሁ። ጅቡቲ ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ሄሮን በሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት የድሮ ቤቶች በአንዱ፣ ለአንድ ፈረንጅ መምህር ምግብ አብሳይ ነበርኩ። በፈረንጆቹ አፍ «ጌታዬ» እንደ ማለት፣ ሙሴ ነበር የምለው፤ ዝምተኛና ብቸኛ ሰው ነው። ሥራዬን ስጨርስ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ቤቴ አርሂባ ሰፈር ነው፤ ከብሎኮቹ በአንዱ፣ ላይኛው ፎቅ ላይ፣ አንዲት መስኮት ያላት አንዲት ክፍል።

ባሌ ደምሴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ዕድሜውን የጨረሰው በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ነው። ወደብ በገባ ቁጥር ጭነቱ እስኪሞላ ድረስ እኔ ጋ ያድራል። ሲመጣ ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ «ሙልዬ» እያለ ነበር የሚወጣው። ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማዋል። አፍርበት ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከዲኪል ከተማ ወዲያ፣ በዚያ ሰው በሌለበት ምድር፣ መሪ እንደያዘ እንቅልፍ ወሰደው። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። ረዳቱ አበራ ሞተ። አበራ ከደምሴ ጋር ዓመታት የሠራ፣ ሞጆ ላይ ሚስት ያለችው ጎልማሳ ሰው ነበር። ደምሴ ዳሌውና እግሩ ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲያወጡት ወደ እኔ አመጡት።

የመጣልኝ ግን የማውቀው ደምሴ አልነበረም። ክራንቹን አልነካ አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ይውላል። አጥበዋለሁ፣ አጎርሰዋለሁ፣ አልጋውን አነጥፍለታለሁ፤ ዓይኔን አያየኝም። ስለ አደጋው አንድ ቃል አላወጣም። የአበራን ስም ጠርቶ አያውቅም። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ሆነን፣ የምሰማው የቬንቲላተሩን፣ የአየር ማራገቢያውን፣ ድምፅ ብቻ ነበር።

እንዲህ ባለንበት ነው ጉንዳኖቹ የመጡት።

የሙሴ ጉንዳኖች ነበሩ። መጻሕፍቱ ባሉበት ክፍል ውስጥ በመስታወት ሣጥን ያኖራቸው ነበር። አቧራ ሳራግፍ በዳር በኩል አልፋለሁ እንጂ አላያቸውም፤ ይቀፉኝ ነበር። በብርዱ ወራት የሥራ ዘመኑ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሆነ። ይዟቸው መሄድ አልቻለም። ሜዳ ላይ ልልቀቃቸውም ቢል የዚህ ምድር ፍጥረት አይደሉም፤ ከሩቅ፣ ከአሜሪካ በረሃ የመጡ ናቸው። «ባልሽ ቤት ነው የሚውለው፣ አይደል?» አለኝ አንድ ቀን በፈረንሳይኛ። እምቢ ማለት አፈርኩ። በራሱ መኪና አምጥቶ፣ ደረጃውን ተሸክሞ ወጥቶ፣ ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጣቸው። ክፍላችን ጠባብ ስለሆነች ጠረጴዛው ከመስኮቱ ሥር ሌላ ቦታ የለውም።

ሙሴ ለደምሴ እያሳየ ይናገራል፣ እኔ አስተረጉማለሁ። በሣጥኑ ውስጥ በጀሶ የተሠራ ዋሻ አለ። ከጣሪያው ላይ ሽንብራ የሚያክሉ፣ የጠጅ ቀለም ያላቸው ክብ ክብ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። እኔ እንቁላል ይመስሉኝ ነበር። ለካ ራሳቸው ጉንዳኖች ናቸው። ምግብ በሞላ ጊዜ ሌሎቹ ሠራተኞች እያመጡ ያጎርሷቸዋል፤ ሆዳቸው እስኪወጠርና እስኪያበራ ድረስ። ከዚያ በኋላ የትም መሄድ አይችሉም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጣሪያው ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ምግብ ሲጠፋ የተራበው ይመጣና ፊታቸውን መታ መታ ያደርጋቸዋል። ያን ጊዜ አፋቸውን ከፍተው ካጠራቀሙት ጠብታ ይሰጡታል።

ደምሴ ፊቱን ከግድግዳው አዞረ። ሳይ ደነገጥኩ። ከመጣ ጀምሮ አንድን ነገር ትኩር ብሎ ሲመለከት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

«ጎተራ ናቸው በያ» አለ።

ሙሴ ከመውጣቱ በፊት አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀ። «ፀሐይ እንዳያገኛቸው። መስታወቱ ይግላል። ፀሐይ ካገኛቸው ያልቃሉ።» ይህንን በገዛ አፌ ነው ያስተረጎምኩት። አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም። እንዳልል ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

ከዚያ ወዲያ ደምሴ መነሳት ጀመረ። በመጀመሪያ ጠረጴዛው ድረስ ተጎትቶ፣ ኋላ በክራንች። በጠርሙስ ክዳን የስኳር ውሃ ያስቀምጥላቸዋል፤ ቴምር ከፍሎ ይሰጣቸዋል። ጎረቤታችን አብደላ በየቀኑ ከሰዓት እየመጣ አብሮት ያያቸው ነበር። አብደላ ወደብ ላይ ሲሠራ ያረጀ የአፋር ሰው ነው፤ አማርኛውን ከሹፌሮች ለምዶታል። የሞተ ዝንብ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላቸዋል። ሙቀቱ ሲጀምር ደምሴ ወፍራም ጨርቅ አስገዝቶ መጋረጃ አሰፋኝ። ሁልጊዜ ከምሳ በፊት፣ ፀሐይዋ ወደ መስኮቱ ሳትዞር፣ በገዛ እጁ ይዘጋዋል። የሣጥኑን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍነዋል።

ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር? ባሌ ከሞት እየተመለሰ ነበር እኮ። ግን የተመለሰው ወደ እኔ አልነበረም። ደረጃው ላይ ሳለሁ ሳቁን እሰማለሁ፤ በሩን ስከፍት ሳቁ ይቆማል። ለእነሱ ያወራል። «ነይ አንቺ፣ ጠግበሻል፣ ለእህትሽ ተይላት» ሲል ሰምቼዋለሁ። እኔ «በልተሃል?» ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ሙሴ ከሄደ ወዲህ በተቀጠርኩበት ሌላ ቤት ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ቆሜ፣ በዚያ ሙቀት ተጉዤ ስመጣ፣ የገዛሁት በረዶ በጉንዳኖቹ ዙሪያ ተደርድሮ አገኘዋለሁ። የምቀናው በማን ነው? በጉንዳን? ይህን ለራሴ እንኳ ማመን አሳፍሮኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ደምሴ ለአብደላ ያወራል። ልገባ ስል የአበራን ስም ሰማሁና እግሬ ቆመ።

«አበራ ወዲያው አልሞተም» ይላል ደምሴ። «ሰው እስኪደርስልን አብረን ተኝተን ነበር። እጁን ይዤዋለሁ። ሲያናግረኝ ነበር። ለሚስቱ የላከው ቃል አለ።»

«ነገርካት?» አለው አብደላ።

«በስልክ የሚባል አይደለም። በእግሬ መሄድ ስችል ቤቷ ድረስ ሄጄ፣ እግሯ ላይ ወድቄ፣ እነግራታለሁ።»

ቃሉ ምን እንደሆነ አልተናገረም፤ አብደላም አልጠየቀውም። እኔ ዘንቢሌን እንደያዝኩ ውጭ ቆሜ ቀረሁ። ሚስቱ እኔ ነኝ። ያጠብኩት፣ ያስታመምኩት፣ በዝምታው ውስጥ የኖርኩት እኔ ነኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዱ ውስጥ የያዘውን ለጎረቤት ነገረው። ባሌ ጉዞ አስቧል፣ እንደገና ሰው ሊሆን ነው ብዬ ማመስገን ሲገባኝ፣ እኔ የተሰረቅኩ መሰለኝ። ያን ዕለት እራት አቀረብኩለት። ስለ ሰማሁት ነገር አልጠየቅኩትም።

አሁን ወደ ቀኑ ልምጣ። እስካሁን የዞርኩት ፈርቼው ነው።

ዓርብ ነበር፣ የዕረፍት ቀኔ። ካምሲኑ፣ ያ ትኩስ የበረሃ ነፋስ፣ መንፈስ ጀምሯል። ደምሴ ጢሙን ተላጨ፤ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከብሎኩ ሊወጣ ነው። አብደላ የአንድ ዘመዱን መኪና አስመጥቶ፣ «ዛሬ ባሕር አሳየዋለሁ» አለኝ። ነጠላዬን አነሳሁ፣ ጫማዬን አደረግኩ።

ደምሴ አየኝና፣ «አንቺ እቤት ሁኚ፤ እነሱን የሚያይ ሰው ይኑር» አለኝ።

ክፋት አልነበረበትም። አሁን አውቃለሁ። ሰው አደራ የሚሰጠው ለሚያምነው ነው። ከመውጣቱ በፊት ጨርቁን አርጥቦ ሣጥኑን ሸፈነው። መጋረጃውን ዘጋው። ጫፉን በእጁ ዳብሶ፣ ቀዳዳ እንዳይኖረው ግድግዳው ላይ አስጠጋው። ዓይኔ እያየ ነው ያደረገው። መጋረጃው ተዘግቶ ነበር። ይህን አንድ ሌላ ሰው ተናግሮታል፤ እኔ ግን ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ መጋረጃው ተዘግቶ ነበር።

ሄዱ። ነጠላዬን እንደለበስኩ አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ከዚያ ተነስቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

እጄ ነው የገለጠው። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም፤ ማንም አላሳሳተኝም። እርጥቡን ጨርቅ አነሳሁት፣ አጣጥፌ ባልዲው ላይ አኖርኩት። ሳጣጥፈው እንኳ ጫፉን ከጫፉ አስተካክዬ ነበር። የተናደደ ሰው እንዲህ ያጣጥፋል? ፀሐይዋ መስታወቱ ላይ ዐረፈች። ወንበር ስቤ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ትንንሾቹ መሮጥ ጀመሩ። ነጫጭ ልጆቻቸውን በአፋቸው ይዘው ከዋሻ ዋሻ ይሮጣሉ፤ የሚደርሱበት ሁሉ ያው ነው። ትልልቆቹ መሮጥ አይችሉም። ተንጠልጥለው እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሌሎቹ እየመጡ ይጎትቷቸዋል፣ ይተዋቸዋል፣ ተመልሰው ይጎትቷቸዋል። ከዚያ አንዷ ወደቀች። ስትወድቅ ፈነዳች፤ ያ የጠጅ ቀለም ጀሶው ላይ ፈሰሰ። ሌላዋ ወደቀች። ከዚያ በኋላ ተከታተሉ።

በማንኛዋም ቅጽበት እጄን ብዘረጋ መጋረጃው ይደርስልኝ ነበር። ለምን አልዘረጋሁም? ዛሬም ይህን ጥያቄ ስጠይቅ እጄን አያለሁ። ይቺው እጅ ናት፤ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ በሽተኛ ያጠበች። የሚያስደነግጠኝ ጭካኔዬ ብቻ አይደለም። እያየሁ ሳለሁ ልቤ ጸጥ ማለቱ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቤ ጸጥ ብሎ ነበር።

መስታወቱ ውስጥ የሚንቀሳቀሰው ነገር ጥቂት ሲሆን፣ ከታች፣ ከደረጃው ሥር ድምፅ ሰማሁ።

«ሙልዬ።»

ደምሴ ነበር። ክራንቹ ደረጃውን እየመታ ይወጣል። «ሙልዬ፣ ባሕሩን ብታይ። ነገ አብረን እንሄዳለን።» ድምፁ የድሮው ድምፅ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ስሜን እንዲህ ጠርቶኝ አያውቅም።

እንዴት እንደሆንኩ በምን ቃል ልንገራችሁ? ከወንበሩ ተነስቼ መሐል ክፍሉ ላይ ቆምኩ፤ ወደየት እንደምሄድ ጠፋኝ። መጋረጃውን ልዝጋ? ለማን? በሩ ተከፈተ። ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል፣ ፈገግ ብሏል፣ አብደላ ከኋላው ነው። ፈገግታው እኔን አልፎ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ጠፋ። ክራንቹ አንዱ ከብብቱ ወደቀ።

ያን ጊዜ እንኳ መናገር እችል ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። እኔ ግን ሌላ ተናገርኩ።

«መጋረጃውን ሳትዘጋው ነው የወጣኸው» አልኩት። «እንቅልፍ ወስዶኝ አሁን መንቃቴ ነው።»

ጉንዳኖቹን መግደሌ በደል ነው። ከዚህች ከአንዲት ዐረፍተ ነገር ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም።

አብደላ፣ «ወላሂ ሲዘጋው አይቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እየጠበቅኩት» አለ። ይህን ያለው ለእኔ ነው፤ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። «ተው አብደላ፣ ልታጽናናኝ ነው። እሷ ትዋሸኛለች?» አለ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደግሞ እኔ ነኝ» አለ።

ደግሞ እኔ ነኝ። አንድ ሰው ገድያለሁ ብሎ የሚያምነውን ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ ገዳይ አደረግኩት። አበራን ያጠፋው እንቅልፍ ነበር፣ የደከመ ሰው እንቅልፍ። ይህኛውን ግን እኔ ነኝ በእጁ ላይ ያኖርኩት። አብደላ አንድ ጊዜ ተመለከተኝና ወጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታዬን አይመልስም። ለማንም እንዳልተናገረ አውቃለሁ።

ከሞት የተረፉ ጥቂት ሠራተኞች ነበሩ። እንቁላል የምትጥልላቸው እናቲቱ ሞታለች። በሚቀጥሉት ቀናት የተረፉት ያልፈነዱትን የሞቱ ትልልቆች ሆድ ከአካላቸው እየቆረጡ፣ እያንከባለሉ፣ ቆሻሻቸውን ወደሚጥሉበት ጥግ ወሰዱት። ሆዱ እንደሞላ ነው፤ ማሩ በመስታወቱ ይታያል። ደምሴ ምግብ መስጠት ትቶ ስለነበር እነሱ ተርበዋል። አንዱም አልቀመሰውም።

«የሞተውን አይጠጡትም» አለኝ ደምሴ። ከዚያ ቀን በኋላ ከነገረኝ ጥቂት ነገር አንዱ ነው። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

እነሱም አለቁ። ሣጥኑን ወስጄ ጣልኩት። ክራንቹ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ቀረ፣ ደምሴም ፊቱን መለሰ። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ፣ «ሞጆ እንሂድ፤ የአበራን ሚስት እንያት» አልኩት። ከየት እንደሰማሁ እንኳ አልጠየቀኝም። «ምን ፊት ይዤ?» አለ። «በእጄ የገባ ነገር ሁሉ ይሞታል። እኔ ለሰው ቃል የምሸከም ሰው አይደለሁም።»

በየጠዋቱ ለመናገር እነሳ ነበር። ሻዩን እያፈላሁ ቃሉን አዘጋጃለሁ፤ ሲኒውን ሳቀርብለት ይጠፋኛል። ብነግረው ይጠላኛል ብዬ ፈራሁ። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው ራሱን ጠልቶ እየሞተ፣ እኔ የምሰጋው እንዳይጠላኝ ነው።

ሰውነቱ ሲከዳው ወንድሙ ከአዳማ መጥቶ በባቡር ወሰደው። ናጋድ ጣቢያ ድረስ ሸኘኋቸው። ባቡሩ ሊነሳ ሲል፣ «ደክመሻል፤ እግዜር ይስጥሽ» አለኝ። ያን ጊዜም አልተናገርኩም። ክረምቱ ሳይወጣ ሳንባው ታሞ ሞተ። ለቀብሩ ደረስኩ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መጥታ አቅፋኝ አለቀሰች። የደምሴ ዘመድ መስላኝ ነበር። አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «ወይንሸት ነኝ፤ የአበራ ባለቤት» አለችኝ።

ባሏን ለገደለው ሰው ልታለቅስ ከሞጆ መጥታለች።

«ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ነበር» አለች። «ቀድሞ የደረሰላቸው ሹፌር፣ ደምሴ የአበራን እጅ ይዞ፣ አበራም ሲያወራው እንደነበር ነግሮኛል። አልተቀየምኩትም፤ እንቅልፍ ማንን ይምራል። የመጨረሻ ቃሉን ከአፉ ልሰማ ብቻ ነበር የምፈልገው። ላንቺ ነግሮሽ ይሆን፣ እህቴ?»

«አልነገረኝም» አልኳት። ይህ እውነት ነው። «ሊመጣ አስቦ ነበር፤ በሽታው ያዘው» አልኳት። ይህ ውሸት ነው።

ወደ ጅቡቲ እንደተመለስኩ በመጀመሪያ አብደላን ፈለግኩት። በሩ ላይ ቆሜ፣ ስለ አበራ ቃል ደምሴ የነገረው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቅኩት። «አልነገረኝም። ለእሷ ነው ብሎ ነበር» አለኝና በሩን ዘጋው። እንግዲህ የሚያውቀው ሰው የለም። ፍቅር ይሁን፣ አደራ ይሁን፣ ይቅር በይኝ ይሁን፣ አንድ ሰው እየሞተ ለሚስቱ የላከው ቃል ከደምሴ ጋር ተቀበረ። ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።

ወይንሸት በየበዓሉ ትደውልልኛለች። «ደምሴን ያስታመምሽ፣ እግዜር ውለታሽን ይክፈልሽ» ትለኛለች። ከዚያ ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቀኛለች። «እስቲ አስታውሺ፣ እህቴ፤ በእንቅልፍ ልቡ እንኳ ምንም አላለም?» እኔም ሁልጊዜ ያንኑ እመልስላታለሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት አልነሳም።

ደክሞኝ ነበር፣ ተከፍቼ ነበር፣ ችላ ተብዬ ነበር ብል ሁሉም እውነት ነው፤ አንዱም ግን መጋረጃውን አይዘጋልኝም። ከእናንተ ምሕረት አልለምንም፤ የእናንተ ስላልሆነ ልትሰጡኝ አትችሉም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሴት ሞጆ አለች፤ እሷን ግን ገና አልጠየቅኳትም።